የፋሲካ አጥንት

ጾም ለሰው ብቻ የታዘዘ ይመስላችኋል? እኛ ሁዳዴን ስንጾም ውሾቻችንም ሳይወዱ አብረውን ይጾማሉ፤ አጥንት የሚጥልላቸው የለማ። ልዩነቱ እኛ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማወቃችን ነው። እነሱ ግን አንድ ቀን ሲነቁ ደጁ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታቸዋል። እንዲህ ያለ ጾመኛ ሲፈታ አላምጦ አይውጥም።

የእኔ ውሻ «እሱ ያውቃል» ይባል ነበር። በእኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ በአፉ ያልነገረውን በውሻው ስም ይነግረዋል፤ እኔም የምነግረው ነበረኝ። ደብረ ታቦር የራሶች መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ጎንደር ላይ በቅኔና በመጻሕፍት ጥርሴን ነቅዬ ስመለስ፣ የመምህርነት ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር። መሪጌታ ወርቄ ከጉባኤው መካከል ተነሡና «የዚህ ሰው ሃይማኖት ተበላሽቷል» አሉ። እንዴት ብሎ የጠየቀ የለም። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል። ወንበሩ ላይ እሳቸው ተቀመጡ፤ እኔም በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ውሻዬን ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራዋለሁ።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ «እሱ ያውቃል» ከጓሮ እየተንገዳገደ መጣ። ለሀጩ ይዝረበረባል፤ አንገቱን ዘርግቶ ያስላል፤ በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል። መጥቶ ጉልበቴ ሥር ተኛና ዓይን ዓይኔን አየኝ። ያበደ ውሻ ጌታውን እንዲህ አይለምንም። አጥንት ተሰንቅሮበታል። መንጋጋው እንዳይገጥም ዱላዬን አጋደምኩበት፤ ግን ዱላውንም ይዤ ጉሮሮውንም ልፈትሽ አልቻልኩም። የጎደለኝ የሌላ ሰው ሁለት እጅ ብቻ ነበር።

«አያ መንገሻ፣ ቶሎ ና፤ ይችን ዱላ ያዝልኝ፤ አጥንት ነው» አልኩት ጎረቤቴን።

አጥሩን ተሻግሮ መጣ። እጁን ሲዘረጋ መሪጌታ በደጅ ሲያልፉ የውሻውን ለሀጭ አዩ።

«አብዷል፤ ራቁ» አሉ።

«አጥንት ነው አባቴ፤ ጥቂት ይታገሡኝ።»

«አንተ ደግሞ መቼ የቀና ነገር ታውቅና።»

አያ መንገሻ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። «ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ወዲያው መንደሩ ሁሉ ዱላ አነሣ። እኔንም ጎትተው አስነሡኝ። የሆነውን አልነግራችሁም።

ሁሉም ሲያበቃ አያ መንገሻ ጎንበስ ብሎ የሞተውን ውሻ አፍ ከፈተ። የዶሮ አጥንት ላንቃው ላይ ተጋድሟል፤ በሁለት ጣት የሚወጣ። አያ መንገሻ ወደ ቤቱ ገባ፤ የዚያን ቀን ዶሮ ወጥ እንዳልቀመሰ ሚስቱ ነግራኛለች። መሪጌታ ግን አጥንቱን ትክ ብለው አዩና «ታዲያ አጥብቀህ አትናገርም ነበር?» አሉኝ።

ዛሬ እሳቸው ራሳቸው በደጀ ሰላሙ ይመክራሉ፤ «ለሀጩን ያዝረበረበ ሁሉ አላበደም፤ ዱላ ከማንሣታችሁ በፊት አፉን እዩ» እያሉ። ምክሩ ደግ ነው፤ እናንተም ያዙት። ከዚያ ወዲህ የተረፉ ውሾች አሉ።

«እሱ ያውቃል» የዚያኑ ዕለት ከስም ማጥፋት ነጻ ወጣ። የእኔ ገና ነው፤ ስላልሞትኩ ይሆናል።