አሚራን ስንት ያሳክካታል?

የልደታ ሶሪያሲስ (የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም) ያለባቸው ልጆች ወላጆችና ወዳጆች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ

የተገኙ፦
አቶ ፈቃደ፣ ሰብሳቢ (የፍርድ ቤት ጡረተኛ)
ወ/ሮ ነስሪን፣ አባል (የአሚራ እናት)
አቶ በሱፍቃድ፣ አባል (ልብስ ሰፊ)
ትዕግሥት፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ሆኖ አንድ ስለጎደለ፣ የስምንት ዓመቷ አሚራ ድምፅ ሳይኖራት ለቁጥር ማሟያ እንድትቀመጥ ተወሰነ። ብስኩት ተሰጥቷታል።

አጀንዳ 1፦ የአሚራን ማሳከክ ስለመለካት

ወ/ሮ ነስሪን እንዳስረዱት፣ ሐኪሙ ነገ ጠዋት "ከዜሮ እስከ አስር ስንት ያሳክካታል?" ብሎ ይጠይቃል። ባለፈው ጊዜ "ደህና ናት" በማለታቸው ያንኑ ቅባት ይዘው ተመልሰዋል፤ ልጅቷ ግን እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ነገም ትክክለኛውን ካልተናገሩ መድኃኒቱ አይቀየርላትም።

አቶ በሱፍቃድ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ቆዳዋ ላይ ያለው ቅርፊት በሴንቲሜትር እንዲለካ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ነስሪን ከጉልበቷ ትልቅ ቁስል ይልቅ ጆሮዋ ሥር ያለችው ትንሿ እንደምታስለቅሳት ገልጸው ተቃወሙ። ሰብሳቢው ያለ ምስክር የሚጸና ነገር እንደሌለ ጠቅሰው፣ ሲያሳክካት በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች እንዲቀርቡ አዘዙ። አቶ በሱፍቃድ "ጋሼ፣ ጡረታ ሲወጡ ችሎቱን ይዘውት ነው እንዴ የመጡት?" በማለታቸው ተግሣጽ ደርሷቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ስታክክ በታየችው መጠን ቁጥር እንዲሰጣት ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ውሳኔውን በሥራ ላይ ስለማዋል

ስለ ማሳከክ ብዙ ከመወራቱ የተነሳ አባላት ሁሉ ማከክ ጀመሩ። በውሳኔው መሠረት ሰብሳቢው ስምንት፣ አቶ በሱፍቃድ ስድስት አገኙ። ጸሐፊዋ ይህን የጻፈችው በአንድ እጇ ነው። አሚራ ብስኩቷን በሁለት እጇ ይዛ ስለነበር ዜሮ ተመዘገበላት።

አሚራ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው ድምፅ እንደሌላት አስታወሷት። "እንግዲያው እሄዳለሁ" ብላ ወደ በሩ አመራች። ልጅቷ ከወጣች ምልዓተ ጉባኤው እንደሚፈርስ ጸሐፊዋ ስታመለክት፣ ሰብሳቢው ዕድሜያቸው በማይፈቅደው ፍጥነት ደርሰው "ነይ የኔ እናት፣ ተናገሪ" አሏት።

አሚራ እንዲህ ብላለች፦ "አሁን ሦስት ነው። ማታ ግን ዘጠኝ ነው። እማዬ እንዳትነቃ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነው የማክከው። 'አትከኪ' ስትሉኝ ደግሞ አስር ይሆናል።"

ወ/ሮ ነስሪን አለቀሱ። ልጃቸውን አቅፈው "ለምን አልነገርሽኝም?" ቢሏት፣ "አልጠየቅሽኝማ" ብላለች። ይህን ሁላችንም ሰምተን አፍረናል።

ስብሰባው 11 ሰዓት ላይ ሲበተን የተላለፈ የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። "አትከኪ" ማለት ለአባላት ሁሉ ክልክል ነው። ነገ ሐኪሙ ዘንድ አሚራ ራሷ ትናገራለች። እናቷ ድምፅ ሳይኖራቸው ለቁጥር ማሟያ ይቀመጣሉ፤ ብስኩትም ይያዝላቸዋል።