ቶሎ የመጣው «ደርሶናል»

ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ምን የሚያናድደው ነገር አለ ትሉ ይሆናል። ቆይ ልንገራችሁ።

የምሠራው ኢምባካሲ ሰፈር፣ እትዬ ጽጌ የሚባሉ ሴትዮ የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው። ደንበኛው ስልኩ ላይ «ዕቃዬን ውሰዱልኝ» የሚለውን ይነካል፤ ትእዛዙ ወረፋ ይገባል፤ መጋዘን ያሉት ከወረፋው እያነሱ ቦዳቦዳ የሚባለውን የኪራይ ሞተር ይልካሉ። በቃ ይኸው ነው። ግን «ደርሶናል» የሚል መልስ እስኪመጣ አራት ሰከንድ! እትዬ ጽጌ በየቀኑ አጠገቤ ቆመው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ይተኛል እንዴ?» ይሉኛል። ከካሳራኒ በሁለት ማታቱ ታክሲ ተጠቅጥቄ መጥቼ ይሄን ልስማ?

ከፍቼ ሳየው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ፕሮግራሙን የጻፈው፣ ለእያንዳንዷ ትእዛዝ ከወረፋው ጋር አዲስ ግንኙነት እንዲከፍት አድርጎ ነው። ይከፍታል፣ ሰላም ይላል፣ የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ አንዲት መልእክት ያስቀምጣል፣ ይዘጋል። ለሚቀጥለው ደግሞ እንደገና ከሀ! መልእክቷን ማስቀመጡ እኮ ምንም አይፈጅም። ሰዓቱን የሚበላው ትውውቁ ነው።

አንዴ ከፍቼ፣ ክፍት እንደሆነ ተውኩት። ተገላገልኩ ስል፣ በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያው ትእዛዝ የውሃ ሽታ ሆነ። ለካስ መስመሩ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ኔትወርኩ ድምፁን አጥፍቶ ይቆርጠዋል፤ ፕሮግራሜ ደግሞ ክፍት መስሎት ማንም በሌለበት ያወራል። ፕሮግራሙና ወረፋው በየደቂቃው «አለህ?» «አለሁ» እንዲባባሉ፣ ከተቆረጠም ራሱ እንዲቀጥል አደረግኩ። ሳምንት ፈጀ። መልሱ ግን ጣት ሳይነሳ ከተፍ!

ተመሰገንኩ? ከየት መጥቶ!

ላቪንግተን ሰፈር የሚኖሩ አቶ ተክሌ የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ ደንበኛ አሉን፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። «ዕቃዬን ውሰዱልኝ» የሚለውን ነኩት፤ መልሱ ወዲያው መጣ። አላመኑም። ደግመው ነኩት። አምስት ጊዜ። ለአንድ ካርቶን አምስት ሞተር በራቸው ላይ ተሰለፈ።

ደወሉልኝ። «ልጄ፣ በዚህ ፍጥነት ማን አይቶት ነው ‹ደርሶናል› የምትሉኝ? ድሮ እንኳ ትንሽ ያስብ ነበር።»

ድጋሚውን ትእዛዝ መከልከል ይቻላል ብዬ ላስረዳ ብሞክር፣ እትዬ ጽጌ፣ «ሽማግሌ አታድክሚ፣ እንደሚፈልጉት አድርጊላቸው» ብለው ሄዱ።

መስመሩን አልነካሁትም። በንዴት ጥርሴን ነክሼ፣ «ደርሶናል» ከመምጣቱ በፊት ምንም የማትሠራ ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ለሁለት ሰከንድ እንድትሽከረከር አደረግኩ።

አቶ ተክሌ በዚያው ቀን ደወሉ። «ተባረኪ ልጄ! አሁን ገና በደንብ መሥራት ጀመረ።»