ምክሩን ሳልሰጥ ተመለስኩ

ዝም የሚል ሰው ሁሉ አዋቂ ይመስላል ያለው ማን ይሆን? እኔን ብዙ አስቸግሮኛል። ከአገሬ ወጥቼ፣ ኦክላንድ አጠገብ ባለችው ሄይዋርድ ከተማ ሠላሳ ዓመት ዝም ብዬ ኖርኩ፤ ሰው ግን ዝምታዬን እያየ፣ አባባ ታደሰ ውስጣቸው ብዙ ነገር አለ ይላል። የለም እኮ። የምለው ሲጠፋኝ ነው ዝም የምለው።

ፊደልም አልቆጠርኩም። ይህን እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው የባለቤቴ የእህት ልጅ ናት። ካማረ የእሷ ነው፣ ካላማረም የእሷ ነው።

ልጄ ሜሮን ማስተርስ ልማር ብላ እንግሊዝ አገር ሄደች። እዚህ ሰፈራችን የሚያስተምር ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። እሷን ያማራት የጥንት ከተማ ነው። ደርሃም ትባላለች። አንድ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ኮረብታውን የሚዞር አንድ ወንዝ። የቀረው ተማሪ ነው።

አንድ እሑድ እያለቀሰች ደወለች። ክላሱን ጨርሳለች፤ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ቀኑ አልፎባት አንዴ አራዝመውላታል። አሁን ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ከዚያ በኋላ ማራዘም የሚባል ነገር የለም። ካላስገባች የዓመቱ ልፋት በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። «አባባ፣ ፎከስ ማድረግ አልቻልኩም። ልተወው ነው መሰለኝ» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀች።

እንግዲህ ማን ይሂድና ይምከራት? ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ አላገኘችም። ሳን ሆዜ ያለው ልጃችን አዲስ ሥራ ጀምሯል። ጡረታ የወጣው ማን ነው? እኔ። ባለቤቴ ምክሩን ለሦስት ከፍላ አስጠናችኝ፤ መጀመሪያ ቆጣ ማለት፣ መሐል ላይ ለስለስ፣ መጨረሻው ጸሎት። ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር፣ የአበሻ ምግብ ቤት የምንገናኝ ጓደኞቼ ደግሞ የየራሳቸውን ጨመሩ። አቶ ግርማ ብቻውን አምስት ምክር ሰጠኝ፤ አንዱ ስለ ቁርስ ነው። አውሮፕላን ላይ ስቆጥር አሥራ አንድ ሆነ። ለንደን ስወርድ ሰባቱ ትዝ አሉኝ። ከባቡሩ ስወርድ ሁለት።

አንድ ነገር ግን አልረሳሁም። ባለቤቴ ኤርፖርት በር ላይ ቀስ ብላ፣ «ካልሆነላት ይዘሃት ና። ቤቷ ነው» ብላኛለች። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ልቤ እዚያው ነበር።

ሜሮን የምትኖረው ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ነው፤ ስድስት ክፍል፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ፍሪጅ። ፍሪጁን ስከፍት ስድስት ወተት ተደርድሯል። ለአንድ ቤት ስድስት ወተት ምን ያደርጋል ብዬ ተገረምኩ። ሻይ በጠማኝ ቁጥር ፊት ለፊት ካገኘሁት እጨምራለሁ። ለካስ በየጠርሙሱ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ማን አንብቦት? በሦስተኛው ቀን ቶም የሚባል ረጅም ልጅ ሜሮንን ጠርቶ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ እያፈረ፣ የወተቱን ነገር አነሳባት። የጠጣሁት እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ። ልጄ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ምን ላድርግ? ከኦክላንድ ሽሮ ይዤ ሄጃለሁ። ትልቅ ድስት ሠራሁና በእጄ ና፣ ነይ፣ ቁጭ በሉ አልኳቸው። መጀመሪያ በር ላይ ቆመው ተያዩ፤ በኋላ ግን ተቀምጠው ድስቱን ጨረሱት። ለካ ስድስቱም አንድ ዓመት ሙሉ የየራሳቸውን እንቁላል ጠብሰው ክፍላቸው ወስደው ነው የሚበሉት። ሜሮንም እንደዚያው። ልጄ ለምን እንደከፋት ያኔ ትንሽ ገባኝ።

ለማመስገን ብለው ኮሌጃቸው እራት ጋበዙኝ። ተማሪው ሁሉ ጥቁር ካባ ለብሷል። ዛሬ የተመረቀው ማን ነው ብዬ ሜሮንን ጠየቅኳት። ማንም አልተመረቀም፤ ካባው ለእራቱ ዶሮ ነው። አዳራሹ በሻማ ነው የሚበራው። መብራት ሄዶ ነው አልኳት። አልሄደም፤ ደንቡ ነው አለች። መምህራኑ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ፤ ይህን ሳይ አገሩን ወደድኩት። ቀጥሎ በማላውቀው ቋንቋ ጸሎት ተደረገ። ምን አሉ አልኳት። አታውቅም። ቶምን ጠየቀችው። እሱም አያውቅም። አሜን ስንል ግን ሁላችንም እኩል ተማሪ ነበርን።

ይኸውላችሁ፣ ወሬ ወሰደኝ። ጽሑፉስ? ጽሑፉ አልተነካም።

ሜሮን በእንግዳ ካርድ ላይብረሪ ይዛኝ ትሄድ ጀመር። እኔ ያንን ቤት ስገባ ተወልጄ ያደግኩበት መሰለኝ። ማንም አያወራም። ማንም ምን ያስባሉ አባባ አይለኝም። የድልድይ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አነሳሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም። አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ስልኳን ታያለች። ትስቃለች። ትተክዛለች። ትወጣለች። ትመለሳለች። ደግሞ ስልኳን ታያለች። ከባለቤቴ ምክር ቆጣ የሚለውን ክፍል ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

እጄን ዘረጋሁ።

ይኼ የሥራ ልማድ ነው። ኦክላንድ መሐል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ቁልፍ ተቀብያለሁ። እጄን ስዘረጋ ሰው ይሰጠኛል፤ ለምን አይልም። ሜሮንም ስልኳን ሰጠችኝ። በኮቴ የግራ ኪስ ከተትኩት። እስከ ምሳ አልመለስኩትም። ብትቆጣም አልመለስኩትም።

በማግስቱ ፊት ለፊታችን የሚቀመጠው ቶም ጠጋ ብሎ፣ ሳይናገር፣ የራሱን ስልክ ወደ እኔ ገፋው። የቀኝ ኪስ። በሳምንቱ አራት ስልክ ነበረኝ። ሁሉም ሲንቀጠቀጥ ደረቴ ላይ ወፍጮ የተተከለ ይመስለኛል። ግን አንድ ቀን እንኳ የአንዱን ለሌላው አልሰጠሁም። ቁልፍም አምታትቼ አላውቅም።

ቶም አንድ ቀን ሜሮንን፣ አባትሽ የምን ፕሮፌሰር ናቸው ብሎ ጠየቃት። አንድ ሥዕል ግማሽ ቀን ስመለከት አይቶ ነው። «የፓርኪንግ» አለችው። ልጁ አልሳቀም። የከተማ ፕላን ከባድ ትምህርት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ስልኩን በሁለት እጁ ነው የሚሰጠኝ።

የመጨረሻው ቀን መጣ። እኔ ጽሑፉ ተጠርዞ፣ ተይዞ፣ ለአንድ ትልቅ ሰው የሚሰጥ መስሎኝ ኮቴን ቦርሼ ነበር። ሜሮን ኮምፒዩተሯን በአንድ ጣት ነካ አደረገች።

«አለቀ?» አልኳት።

«አለቀ» አለችና ትከሻዬ ላይ ተደፋች። የማስገቢያው ሰዓት ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ወደ ሄይዋርድ ተመለስኩ። ውጤቱ ሲመጣ በጥሩ አልፋለች። ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። ባለቤቴ ለምስክርነት ጸሎት ቤት መድረክ ላይ ወጣች። እኔ የሜሮንን ክፍል ቀለም ቀባሁ፤ አልጋዋንም ወደ መስኮቱ አዞርኩት።

ቀለሙ ሳይደርቅ ደወለች። መምህሯ ጽሑፉን ወዶታል። ለዶክትሬት ቦታ ሰጥተዋታል። አራት ዓመት። «አባባ፣ አንተ ባትመጣ እኮ ትቼው መጥቼ ነበር» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ ሄዳ የቀባሁትን ክፍል አየችው። ከዚያ፣ «ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የመከርካት?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። አንዲት ቃል አላልኩም፤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ ስልኳን ያዝኩ።

«ወይ አንተ ሰው!» አለች። «ያስጠናሁህን ብትነግራት ኖሮ እኮ በሁለት ቀን ሰልችቷት አብራህ ትመጣ ነበር።»

ወሬውን ማን እንዳወጣው እንጃ። አሁን ከኦክላንድም፣ ከዩኒየን ሲቲም፣ ከሳን ሆዜም እናቶች ይደውሉልኛል። ልጄ ሩቅ ሄዶ ትምህርቱ አልገፋ አለው፤ እባክዎ ሄደው አጠገቡ ቁጭ ይበሉልኝ ይላሉ። ቲኬቱንም እንቆርጣለን ይላሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ልጁ እንዲጨርስ ነው የሚፈልጉት ወይስ እንዲመለስ?

«ቆይ አባባ፣ ላስብበትና ልደውልልዎት» ይሉና ይዘጋሉ። እስካሁን መልሳ የደወለች የለችም።