ለእንግዳ የተቀባው ፎቅ

እኛ የዳንግላ ሰዎች እንግዳ ይመጣል ሲሉን ቤታችንን እንዳለ እንዲያየው አንፈልግም። ግድግዳ እንለቀልቃለን፣ ደጅ እንጠርጋለን፣ የተሰበረውን ወንበር ጓዳ እንሸሽጋለን። እናንተም ቤት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ጠባያችንን፣ እኔ ጡረታ የወጣሁት የታሪክ መምህር፣ ከማንም ቀድሜ ማስታወስ ነበረብኝ። አላስታወስኩም። ደክሞኝ ይሆናል።

ጎረቤቴ ሐጂ ይማም ከአባታቸው የወረሱት የእንጨትና የጭቃ ፎቅ አላቸው፤ ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ቤቱ ከሚፈርሱት ተርታ ገባ። የሚያድነው በቅርስነት መመዝገብ ብቻ ነበር። ስንት ቢሮ ደጅ ጠናሁ መሰላችሁ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ነገ ተመለስ። በመጨረሻ ባለሙያ ሊላክ ሆነ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ “ሐጂ፣ ሐሙስ ቤትዎን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ” አልኳቸውና ልጄን ልጠይቅ ጫግኒ ወረድኩ። አምስት ቀን ቆየሁ።

ሐሙስ ባለሙያዋን ከመናኸሪያ ተቀብዬ በጋሪ ደረስን። ፎቁ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። የእንጨቱ ሰገነት ተነቅሎ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። በሩ ብረት ሆኗል። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ፈገግ ብለው ቆመዋል። እኔ ከጋሪው መውረድ አቃተኝ።

“የድሮው በርና ሰገነት የት ደረሰ፣ አባቴ?” አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ።

“እሱማ ምስጥ የበላው ነው፣ የኔ ልጅ። እንግዳ በዚያ ይግባ? ትናንት ተፈልጦ ይኸው ለምሳችሁ ማብሰያ ሆነ።”

ምሳውን በላን። ሃይማኖታችንን አስበው ሥጋ አላስገቡበትም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ የድንች ወጥ። መጣፈጡን መካድ አልችልም። ባለሙያዋ እጇን ታጥባ “ነባር ይዘቱን ያልጠበቀ” ብላ ጻፈች። ከማዶ ያለውን፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደውንና ግድግዳው ያዘመመውን ቤት ግን ፎቶ አንስታ መዘገበች። እዚያ እንግዳ የሚቀበል ሰው የለም።

በሳምንቱ አንድ ሠራተኛ መጥቶ አረንጓዴው ግድግዳ ላይ የመፍረሻውን ቀይ ምልክት አደረገ። ሐጂ አልተቆጡም። ምልክቱን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

“ያቺ ልጅ፣ ምሳው አልጣፈጣት ይሆን እንዴ?”

ጣፍጧታል አልኳቸው። የቀረውን ለማስረዳት አፈርኩም፣ ደከመኝም።