የእቴጌዋ ድሪ መቆለፊያ

ጎንደር ውስጥ ግንቡን ማን ሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመለስላችሁ የንጉሥ ስም ነው። እሺ፣ በየትኛው እጃቸው? ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካው ሰው ስም የለውም፤ ካለውም ጥሩ ስም አይደለም። እኛ ጌጡን እንወዳለን፤ የሠራውን ሰው ግን ስናይ ልጃችንን ነጠላ ውስጥ እንሸሽጋለን። አንጥረኛ የሠራውን መስቀል ተሳልመን ስናበቃ አንጥረኛውን ቡዳ የምንል ሰዎች ነን። ይህን የምለው እናንተን ለይቼ አይደለም። እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ዛሬ ግን ብር አንጥረኛ ነኝ። ቀን ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እሠራለሁ፤ ከሥራ መልስ ማራኪ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ብር አቀልጣለሁ፣ እቀጠቅጣለሁ፣ እሞርዳለሁ። የምሠራው የድሮ እቴጌዎችን ጌጥ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍታ የምትታይ እቴጌ አለች፤ ያንገቷን ድሪ በስንት ቅዳሴ በዓይኔ ስቀዳው ከረምኩ (እግዜር ይቅር ይበለኝ)። ማጅራቷን ግን ካባዋ ሸፍኖታል፤ መቆለፊያው አይታይም። ስለዚህ መቆለፊያውን ከራሴ ፈጠርኩት። ከሦስተኛው ፍሬ ሥር የተደበቀች፣ በጥፍር ገፋ ሲያደርጓት የምትከፍት ቀጭን የብር መርፌ ናት። ድሪውን ፒያሳ ላለ ነጋዴ ሰጠሁት፤ ብዙም ሳይቆይ ተሸጠ።

በዚያው ሰሞን ፍቅረኛዬ ፋርማሲስቱ ታደሰ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። እናቱ ወይዘሮ አበዙ ከድብ ባሕር የላኩት ቃል አብሮ መጣ። "ልጅቱ ሸጋ ናት። መዶሻውን ግን ታስቀምጥ። የቀጥቃጭ አማት ተብዬ ገበያ አልወጣም።"

"ለጊዜው እንኳ አስቀምጪው" አለኝ ታደሰ።

"እጄን ለጊዜው የት ላስቀምጠው?" አልኩት።

ወይ መዶሻው ወይ ታደሰ ማለት ነበር። ታደሰን እወደዋለሁ። መዶሻውንም። አባቴ ሽማግሌዎቹን ሰምቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ከታደሰ እናት ቃል ይልቅ አናደደኝ። ስለ መዶሻው መልሴን በጥሎሹ ቀን እሰጣለሁ አልኩ። መልሴ ምን እንደሆነ ገና ያኔ አውቀው ነበር።

ቀኑ ደረሰና ጥሎሹ በአባቴ ቤት እንደ ወጉ አንድ በአንድ እየተነሣ ታየ። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጫማው። መጨረሻ ላይ ወይዘሮ አበዙ ከቀይ ጨርቅ ውስጥ አንድ ድሪ አወጡ። የእኔን ድሪ።

"ይኸ የእቴጌዎች ነው!" አሉ ከፍ አድርገው። "ነጋዴው ከባላባት ቤት የወጣ ነው ብሎኛል። ያሁን ሰው እንዲህ ያለ ሸጋ አይሠራም። የሠራውን እጅ ቁርጥማት አይንካው! እግዜር ይባርከው!"

ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። ከሁሉ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ድሪውን ሊያጠልቁልኝ መጡ። አልከፈት አለ። አገላበጡት፣ ሳቡት፣ ለሽማግሌው ለአያ ደስታ ሰጧቸው። አያ ደስታ መነጽራቸውን አጥልቀው ታገሉ፤ ለምርቃት የተጠሩት ቄስ ተቀበሏቸው። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ "ከማኪናው ፒንሳ አምጡ!" ብሎ ጮኸ።

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች አይደል? ዘልዬ ተነሣሁ። "በፒንሳ? ምነው!" ብዬ ከቄሱ እጅ ተቀበልኩና በጥፍሬ ገፋ አደረግሁት። ጠቅ አለና ተከፈተ።

"ምነው፣ አንቺ በምን አወቅሽው?" አሉ ወይዘሮ አበዙ።

"የሠራሁት እኔ ነኛ፣ እትዬ። መዶሻውንም አላስቀምጥም።"

 ታደሰ ወደ እናቱ ዞረ። ወይዘሮ አበዙ አንዴ ድሪውን፣ አንዴ እጄን አዩ። ያን ሁሉ ቀን ዝም ያለው አባቴ ያኔ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አለ። "እጇን መርቀዋል፤ እኛም አሜን ብለናል። አሜን የተባለበት ምርቃት አይመለስም።"

ወይዘሮ አበዙ ድሪውን አጠለቁልኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ለእኔም ትሠሪልኛለሽ። መቆለፊያው ግን እንደ ሰው ይሁን" አሉኝ።

ሠራሁላቸው። አሁን ገበያ የሚወጡት እሱን አጥልቀው ነው። ማን ሠራው ሲሏቸው ግን "የእቴጌ ነው" ይላሉ አሉ። ይበሉ። አምባር ደግሞ አዝዘውኛል፤ ስሜን እቀርጽበታለሁ፣ ከፊት ለፊት፣ በጉልህ ፊደል።