የሰባት ደቂቃ ታላቅ

ሌላው ሲያስነጥሰው እሱ ብርድ ልብስ የሚከናነብ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። በሰዓት ሠሪው ቤተሰብ ይህን ማዕረግ የያዙት መንታ ወንድሙ፣ ክቡር ልብስ ሰፊው ናቸው። ክብሩ የመጣው በሰባት ደቂቃ ቀድመው ስለተወለዱ ነው። በዚችው ሰባት ደቂቃ «ጋሼ በለኝ» ሲሉ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላቸው። ሰዓት ሠሪው የደቂቃን ዋጋ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነውና አንድም ቀን ብሏቸው አያውቅም።

እናታቸው እንኳ ከጀርባ ስታያቸው ይምታቱባት ነበር። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ወንድማቸውን የሚያዩት እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ዛሬ እሱ ላይ የታየ ነገ እሳቸው ላይ ይደርሳል። የሰዓት ሠሪው መንጋጋ ጥርስ ሲበሰብስ እሳቸው ሮጠው ደህናውን መንጋጋቸውን አስነቀሉ። የእሱ ፀጉር ከግንባሩ መሸሽ ሲጀምር የእሳቸው ባርኔጣ ከራሳቸው አልወርድ አለ፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር ግን ደን ነበር። «አንተን የነካ እኔን አይምርም» ነው ቃላቸው።

አምና ሰዓት ሠሪው ስኳር ተገኘበት። ከዚያ ወዲህ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ገና ሲከፈት፣ ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ የስኳር መለኪያዋን ይዘው ከች ይላሉ። መጀመሪያ የእሱን ጣት ይወጋሉ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን። የእሱ ቁጥር ከፍ ካለ ውሃ የሚጠጡት እሳቸው ናቸው። ደንበኛ ፊት ምላስህን አውጣ ይሉታል። አንድ ቀን ቢመረው፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው ወይ ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው፣ የምቀበረውማ እኔ ነኝ፣ አንተ ምልክት ነህ አሉት።

ልብስ ሰፊው በየሳምንቱ እየመጡ ደም ሲያስቀዱ የሰለቻት ሐኪም በመጨረሻ ለሁለቱም የዘረመል ምርመራ አዘዘች። ውጤቱን ስትነግራቸው፣ ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ መንታዎች አይደላችሁም፣ በዘር እንደማንኛውም ወንድማማች ናችሁ አለች፤ የአንዱ ሕመም ለሌላው ትንቢት አይሆንም። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

በማግስቱ ከች የሚል ጠፋ። ሰዓት ሠሪው ተመስገን አለ። በሁለተኛው ቀን በሩን ደጋግሞ አየ። በሦስተኛው ቀን የሰው ሰዓት ፈቶ ሲገጥም አንዲት ብሎን ተረፈችው፤ በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የፈሩት ለራሳቸው ብቻ ኖሯል ማለት ነው? አሁን የእሱ ጣት ምን ያደርግላቸዋል? ሱቁን ዘግቶ ወደ ወንድሙ ሄደ።

ልብስ ሰፊው የቆመ የስፌት መኪናቸው ፊት ቁጭ ብለዋል። መለኪያዋ ጨርቁ ላይ፣ ወረቀቱ አጠገቧ።

«ምነው ቀረህ?» አላቸው።

«ወረቀቱ አይመለከትህም ይላል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ደስ ሊለኝ ብዬ ተቀመጥኩ። እንቢ አለ። ፍርሃቱ ያው ነው። ታዲያ ስፈራ የኖርኩት ለማን ነበር? አሁን ደግሞ ምን ብዬ ልምጣ?»

ሰዓት ሠሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጣቱን ዘረጋ።

«በል ውጋኝ፣ ጋሼ።»

ወጉት። ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ልብስ ሰፊው ፊታቸው ጠቆረ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው አነሱ፤ አፋቸው ጋ ካደረሱት በኋላ ግን ለወንድማቸው አቀበሉት።