እናቴ ዘመድ ስትቆጥር

ሰው ሁሉ ዘመዷ የሆነ ሴት አጋጥማችሁ ታውቃለች? እኔ ከአንዷ ተወልጃለሁ።

እናቴ ዘይነባ ሸማ ተራ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ደንበኛ ለክታ ሳትጨርስ "የማን ልጅ ነሽ?" ትላለች። ሴትየዋ አያቶቿን ስትጠራ እናቴ በሐሳብ ወሎ ትደርሳለች፤ እኔም የስፌት መኪናው ድምፅ እያባበለኝ የማላውቃቸውን ቅድመ አያቶች ተከትዬ ዳገት እወጣለሁ። ታዲያ አንድ ስም ከገጠመ ሴትየዋ ዘመድ ናት፤ የዘመድ ልብስ ደግሞ ይቀድማል። ይኸው ነገ ኢድ ነው፣ የእኔ ቀሚስ ግን እጅጌ የለውም! ምን ይሻላል? ወጣሁና እንደ ደንበኛ ተመልሼ ገባሁ።

"እትዬ ዘይነባ፣ እኔም ዘመድ ነኝ።"

"በማን በኩል?" አለች ከጨርቁ ቀና ሳትል።

"በእናቴ በኩል። ልጅዎ ነኝ።"

መኪናው ቆመ። እናቴ እስክታነባ ሳቀች።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?" ብላ የቀሚሴን እጅጌ ከመርፌው ስር አስገባች።